የሰፋራድ ሊቃውንት ሕጉን ጠቀለሉት ወይስ ዘጉት? አንድ ረጅም ክርና ምላሾቹ

ይህ የኢንተርኔት ውይይት ክር የተጀመረው በአንድ የሕግ ተማሪ ጥያቄ ነው። በጣም ረጅም ነው፤ መሃል ላይ ጠብ ቀረሽ ክርክርም አለበት። ግን ስለ አይሁድ ሕግ በአማርኛ እንዲህ ጠለቅ ተብሎ ሲወራ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በየተራው ልተርክላችሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጠያቂው የተነሳው ከአንድ ጠንከር ያለ ሐሳብ ነው። ታልሙድ፣ የአይሁድ ሊቃውንት ስለ ሕግ ያደረጉት ውይይት የተሰበሰበበት ሥራ፣ የክርክር መጽሐፍ ነው ይላል። አንዱ ሊቅ ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል፣ ሦስተኛው ታሪክ ያመጣል፤ ብዙ ጊዜም ነገሩ ሳይቋጭ ይታለፋል። ከዚያ በስፔን፣ አይሁዶች ሰፋራድ በሚሏት አገር፣ የተነሱት ሊቃውንት መጡና ክርክሩን ቆርጠው ፍርዱን ብቻ አስቀሩ። ከይስሐቅ አልፋሲ እስከ ዮሴፍ ካሮ ድረስ አምስት መቶ ዓመት ያህል የተሠራው ሥራ፣ በእሱ አመለካከት፣ የሕዝቡን አፍ የመዝጋት ሥራ ነው። ይህ ጠቀመ ወይስ ጎዳ ብሎ ጠየቀ።

1ኛው ምላሽ የመጣው ከአንድ ጨዋ ሰው ነው። ጥያቄውን አመሰገነና ወደ ነገሩ ሥር ወረደ። ሚሽና፣ በቃል ይወርድ የነበረው የአይሁድ ሕግ ስብስብ፣ በ200 አካባቢ መሰብሰቡን፣ የባቢሎን ታልሙድ ደግሞ በቀጣዮቹ ጥቂት መቶ ዓመታት በሚሽና ላይ በተደረገ ውይይት ማደጉን አስረዳ። ታልሙድ ውስጥ ስለ ብድር የተጀመረ ነገር ወደ ሕልም ፍቺ ሊሄድ፣ ከዚያ ወደ መድኃኒት ዞሮ ተመልሶ ወደ ብድር ሊመጣ ይችላል። ለተማሪ ይህ ደስ ይላል። ነገር ግን አንዲት መበለት በጋብቻ ውሏ የተጻፈላትን ገንዘብ ልትጠይቅ ዳኛ ፊት ስትቆም፣ ዳኛው መልሱን ከየትኛው ገጽ ያወጣዋል? መጠቅለል የመጣው ከዚህ ችግር እንጂ ሰውን ዝም ለማሰኘት እንዳልሆነ ተናገረ።

2ኛው አጭር እርማት ነው። ሕግ መጠቅለል በስፔን አልተጀመረም። ጋዖን የሚባሉት የባቢሎን ሊቃውንት በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ሃላኾት ገዶሎት ያሉ ስብስቦች ነበሯቸው። ስፔን የተጀመረ ሥራ ነው የተረከበችው። ጠያቂው ወዲያው ተቀብሎ አመሰገነ።

ከሁሉም የወደድኩት 3ኛውን ነው። ጸሐፊው ስለ አልፋሲ ብቻ ነው የጻፈው፤ ግን በደንብ ነው የጻፈው። አልፋሲ በ1013 ዛሬ አልጄሪያ በሆነው አገር ተወለዱ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በሞሮኮዋ ፌዝ በማስተማር ነው፤ ስማቸውም ከከተማዋ የመጣ ነው። በ1088፣ በ75 ዓመታቸው፣ ሰዎች ለመንግሥት ከሰሷቸውና ወደ ስፔን ሸሹ። በሉሴና የነበረውን የትምህርት ቤት መሪነት ተረክበው በ1103 እዚያው አረፉ። መጽሐፋቸው የታልሙዱን የራሱን ቅደም ተከተል ይከተላል። ታሪኩንና ምሳሌውን አወጡ፤ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ የማይሠራባቸውን ሕጎችም አወጡ። ክርክሩን ግን ሙሉ በሙሉ አላጠፉም። አንድ ፍርድ የቆመበትን ያህል የክርክር አጥንት ትተውለታል። ሰዎች መጽሐፉን ትንሹ ታልሙድ ያሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ፍርዱን ብቻ አስቀሩ የሚለው የጠያቂው ክስ ገና ከመጀመሪያው ሰው ላይ አይሠራም።

4ኛው በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፤ እኔንም ቆም አድርጎ ያሳሰበኝ እሱ ነው። በ1553 በሮም ታልሙድ በአደባባይ ተቃጠለ። ቃጠሎው ቬኒስን ጨምሮ ወደ ሌሎች የጣልያን ከተሞች ተዛመተ። ታልሙድ የተከለከሉት የጣልያን አይሁዶች በምትኩ ያጠኑ የነበሩት የአልፋሲን መጽሐፍ ነው። አሳጠረ ተብሎ የሚከሰሰው መጽሐፍ፣ ረጅሙ መጽሐፍ እሳት ውስጥ በገባ ጊዜ፣ ክርክሩን ተሸክሞ አሻገረ። ሰው ይህን ካነበበ በኋላ ስለ ማሳጠር በጅምላ መፍረድ የሚከብደው ይመስለኛል።

5ኛው ክሩን አመረረው። ጠያቂው አንድ ገጽ ታልሙድ ሳያነብ በሌላ ሕዝብ ሊቃውንት ላይ ፍርድ ይሰጣል፣ መጀመሪያ ይማር የሚል ነው። ቃላቱ ከዚህ የከፉ ነበሩ። መጠየቅ ያልተማረ ሰው መብት ነው፤ ጠያቂም የሚማረው በመጠየቅ ነው። ደግነቱ 6ኛው የራሱ የጠያቂው ነበር፤ ስድቡን አለፈውና ጥያቄውን አጠበበ። አልፋሲን ተወት እናድርጋቸው፣ ስለ ራምባም ግን ምን ትላላችሁ አለ። ራምባም የሚባሉት ሙሴ ወልደ ማይሞን ሚሽኔ ቶራ በተባለው የሕግ መጽሐፋቸው መግቢያ፣ ሰው አስቀድሞ ኦሪትን፣ ቀጥሎ ይህን መጽሐፍ ካነበበ በመካከል ሌላ መጽሐፍ አያስፈልገውም ብለዋል። ይህ በር መዝጋት ካልሆነ ምን ይባላል?

ከዚህ በኋላ ክሩ ወፈረ።

7ኛዋ እስራኤል የምትኖር እህታችን ናት። ራምባም በኮርዶባ ተወለዱ። አልሞሃዶች የተባሉት ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ሙስሊም ገዢዎች ከተማዋን በ1148 ሲይዙ ገና ልጅ ነበሩ። እስልምናን ያልተቀበለ በሰላም የሚኖርበት ጊዜ አልነበረምና ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ ተንከራተተ፤ ፌዝም ኖረ። በ1165 በባሕር ወደ አኮ ተሻገሩ፤ በመጨረሻ ከካይሮ አጠገብ ባለችው ፉስጣጥ ተቀመጡ። ሚሽኔ ቶራን የጻፉት እዚያ ነው፤ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። አሥራ አራት መጻሕፍት ናቸው። የጸሎት፣ የሰንበት፣ የጋብቻ፣ የንግድ፣ የጉዳት ካሣ፣ የዳኞችና የነገሥታት ሕግ ሁሉ አለበት። አልፋሲ የተዉትን የቤተ መቅደስ መሥዋዕት እንኳ አልዘለሉም። ቋንቋውን ደግሞ ልብ በሉ አለች። የሚናገሩት ዓረብኛ ነበር፤ የሚሽናን ትንታኔያቸውንም የጻፉት በዓረብኛ ነው። ይህን ግን በጠራና በአጭር ዕብራይስጥ ጻፉት፤ በኋላ ወደ ዓረብኛ ተርጉሙልን ሲባሉም እምቢ አሉ። ከየመን እስከ ፈረንሳይ ያለ አይሁድ ሁሉ እንዲያነበው ነው። ይህች እህት እንዳለችው ታልሙድን ለመማር ዕድሜና ገንዘብ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ራምባም ሕጉን ከእነዚያ ጥቂቶች እጅ አውጥተው ለነጋዴውና ለአናጢው ሰጡት። እሷ ያየችው በር ሲከፈት እንጂ ሲዘጋ አይደለም።

8ኛው ከርዕስ ወጣ። ራምባም የሰላሐዲን ሐኪም ነበሩ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 9ኛው አስተካከለው፤ ያከሙት የሰላሐዲንን ሹም አልፋዲልን፣ በኋላም የሰላሐዲንን ልጅ ነው። ከዚያ ስለ ወንድማቸው ስለ ዳዊት ጻፈ። ዳዊት የከበረ ድንጋይ ነጋዴ ነበር፤ ቤተሰቡን የሚያኖረውም እሱ ነበር። በቀይ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከዓይዛብ ወደብ ለወንድሙ የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ዳዊት ወደ ህንድ ሲሄድ ሰጠመ። ራምባም አንድ ዓመት ያህል አልጋ ላይ ወደቁ፤ ከዚያ ተነስተው በሕክምና ቤተሰቡን ማስተዳደር ጀመሩ። ይህ ከርዕስ መውጣት ነው ብለው የተቆጡ ነበሩ፤ እኔ ግን አልስማማም። ያ ሁሉ የተጣራ ሕግ በምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደተጻፈ ማወቅ ለርዕሱ ቅርብ ነው።

10ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን፤ ለጠያቂውም ወገነ። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንሷ ፖስኪየር የነበሩት ረቢ አብርሃም ወልደ ዳዊት ራምባምን ገና በሕይወት ሳሉ ነው የተቃወሟቸው። በሚሽኔ ቶራ ላይ ከባድ የትችት ማስታወሻ ጻፉ። ዋናው ቅሬታ ምንጭ አለመጠቀሱ ነው። የቀድሞ ደራሲዎች ነገሩን ማን እንዳለውና ከየት እንደመጣ ያሳዩ ነበር፤ ዳኛ ሁለት ሐሳብ ሲያይ ሊመዝን ይችል ነበር። ራምባም ግን ፍርዱን ብቻ ሰጡ። እንግዲህ የጠያቂው ክስ አዲስ አይደለም። ስምንት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ያነሱትም የራምባም እኩያ የሆኑ ሊቅ ናቸው። ከዚህ ምላሽ በኋላ 5ኛው ሰው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

11ኛው ደግሞ አንድ የሚያምር ታሪክ አመጣ። ራምባም ራሳቸው ለእስክንድርያው ዳኛ ለፒንሐስ በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ያለ ነው። አንድ ዳኛ የመጽሐፉን ገጾች ይዞ መጣ፤ ከነፍሰ ገዳይ ሕግ አንዱን አሳይቶ ይህ ታልሙድ ውስጥ የት አለ ብሎ ጠየቃቸው። ራምባም ይገኝበታል ያሉትን ቦታ ነገሩት። ዳኛው ግን እዚያ ፈልጎ አላገኘም ነበር። ሌላ ቦታ አብረው ፈለጉ፤ የለም። ዳኛው ከሄደ በኋላ ትዝ አላቸው። በማይጠበቅ ክፍል ውስጥ፣ በሌላ ነገር መካከል እግረ መንገድ የተነሳ ነበር። መልእክተኛ ልከው ዳኛውን አስመለሱትና አሳዩት። ራምባም የጻፍኩት እኔ እንዲህ ከተቸገርኩ አንባቢው ምን ይሁን ብለው አዘኑ፤ የምንጮቹን ዝርዝር ለብቻው የማዘጋጀት ሐሳብ እንደነበራቸውም ጻፉ። ሰው ታልሙድ እንዳያጠና ብዬ አላውቅም ብለውም በዚያው ደብዳቤ ተከራክረዋል። ጠያቂው በ6ኛው ላይ ያመጣት የመግቢያ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ስትነበብ ጨካኝ ናት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስትነበብ መልኳ ይለወጣል።

12ኛው ስለ የመን አይሁዶች አጭር ነገር ጻፈ። በ1172 መከራ በበዛባቸው ጊዜ ራምባም የማጽናኛ ደብዳቤ ልከውላቸው ነበር። ከመካከላቸው ሚሽኔ ቶራን እስከ ዛሬ የኑሮ ሕጋቸው ያደረጉ አሉ።

13ኛው የመጣው ከእኛው ነው። ፍትሐ ነገሥት ከራምባም የተቀዳ ነው አለ። ይህን በልበ ሙሉነት ነበር የጻፈው፤ ክሩም ወዲያው ተቀጣጠለ። 14ኛው በቁጣ መለሰ፤ የቤተ ክርስቲያንን ቅርስ ለሌላ መስጠት ነው ብሎ ወሰደው። ነገሩን ያበረደው 15ኛው ነው። ፍትሐ ነገሥትን ያዘጋጀው የግብፁ ኢብን አልዓሳል ነው፤ በዓረብኛ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ። በኋላ ወደ ግዕዝ ተተረጎመ። ምንጮቹ የቤተ ክርስቲያን ቀኖናዎችና የቢዛንታይን ነገሥታት ሕጎች ናቸው፤ ራምባም የሉበትም። ግን አንድ እውነተኛ መቀራረብ አለ አለ። ራምባም በ1204 በፉስጣጥ ሞቱ፤ ኢብን አልዓሳል ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ በዚያው አገር ጻፈ። በሙስሊም ገዢዎች ሥር ክርስቲያኑም አይሁዱም የጋብቻና የውርስ ጉዳዩን በራሱ ዳኞች የሚያይ ማኅበረሰብ ነበር። የራሱ ዳኛ ያለው ሕዝብ ደግሞ የሚገለጥ መጽሐፍ ይፈልጋል። ከሁለቱ ተቆጪዎች ማናቸውም መልስ አልሰጡም፤ ሁለቱም ግን ላይክ አድርገውለታል።

16ኛው ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ብዙ ሰውም ደገፈው። እነዚህን መጻሕፍት የጻፋቸው ስደት ነው የሚል ነው። አልፋሲ ከፌዝ ሸሹ፣ ራምባም ከኮርዶባ፣ ረቢ አሸር ከጀርመን፣ ካሮ ከስፔን። የሚሸሽ ሰው ሁሉንም መጽሐፍ መሸከም አይችልምና አንድ አድርጎ ያስረዋል። 17ኛው በጥቂት መስመር ተከራከረ። አልፋሲ የሸሹት በ75 ዓመታቸው ነው፤ የሕይወት ሥራቸው የፌዝ ሥራ ነው። ራምባምም የጻፉት ግብፅ ተረጋግተው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ስደት ምክንያት ከሆነ ሌሎች ስደተኞች ለምን የሕግ መጽሐፍ አልጻፉም? በእኔ ግምት ሁለቱም የእውነት ቁራጭ ይዘዋል። ራምባም በመግቢያቸው ዘመኑ መከራ የበዛበት፣ የጠቢባን ጥበብ የጠፋበት መሆኑን ራሳቸው አንስተዋል። ፍርሃቱ አለ። ግን ፍርሃት ብቻውን አሥራ አራት መጽሐፍ አያስጽፍም።

18ኛው ረጅሙ ምላሽ ነው፤ ስለ አንድ አባትና ልጅ። ረቢ አሸር የጀርመን ሰው ናቸው። መምህራቸው የሮተንበርጉ ሜኢር በንጉሡ ታስረው በ1293 እስር ቤት ሞቱ። አሸር በ1303 አገራቸውን ለቀው፣ በ1305 ቶሌዶ ደርሰው የከተማዋ ረቢ ሆኑ። ያገኙት አገር እንግዳ ሆነባቸው። በካስቲል የአይሁድ ዳኞች የሞት ፍርድ ጭምር የመስጠት ሥልጣን እንዳላቸው ሲያዩ መገረማቸውን ጽፈዋል። እሳቸውም በአልፋሲ መጽሐፍ መሠረት ላይ የራሳቸውን ስብስብ ሠሩ፤ የጀርመንና የፈረንሳይ ሊቃውንትን ክርክር እየጨመሩ። ከሁሉ በላይ አንድ ማስጠንቀቂያቸው ተጠቅሷል። ታልሙድ ሳያውቅ ከራምባም መጽሐፍ ብቻ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል ነው ነገሩ፤ የተነሳበትን ሳያውቅ የተረዳ ይመስለዋልና።

ልጃቸው ያዕቆብ አርባዓ ቱሪምን ጻፉ። ሕጉን በአራት ረድፍ ከፈሉት። አንዱ የዕለት ጸሎት፣ የሰንበትና የበዓል ነው። ሌላው የሚበላና የማይበላ፣ የሐዘንና የመሳሰለው ነው። ሦስተኛው ጋብቻና ፍቺ፣ አራተኛው የገንዘብና የፍርድ ቤት ነው። እንደ አልፋሲ፣ በዘመናቸው የማይሠራበትን ተዉት። ከራምባም የሚለዩት የተለያዩ ሊቃውንትን ሐሳብ በስም እየጠሩ በማስቀመጣቸው ነው፤ ከራሳቸው አባት ጭምር። ስለዚህ የፖስኪየሩ ሊቅ ቅሬታ በቶሌዶ መልስ አገኘ ማለት ይቻላል። የያዕቆብ የአራት ረድፍ አከፋፈል እስከ ዛሬ የአይሁድ ሕግ መደርደሪያ ነው። መጽሐፉም በ1475 በጣልያን ታትሞ በዕብራይስጥ መጀመሪያ ከታተሙት መጻሕፍት አንዱ ሆነ።

19ኛው ካሮን አመጣ። ዮሴፍ ካሮ በ1488 ተወለዱ፤ በ1492 ስፔን አይሁዶችን ስታባርር ገና ሕፃን ነበሩ። ያደጉት በቱርኮች ግዛት ነው። በ1522 በኤዲርኔ ቤት ዮሴፍ የተባለውን ትልቅ ሥራ ጀመሩ። የያዕቆብን አራት ረድፎች ተከትለው እያንዳንዱን ሕግ ከታልሙድ ምንጩ አንስተው እስከ ዘመናቸው ይተነትናሉ። ሃያ ዓመት ፈጅቶ ገሊላ ውስጥ ባለችው በጽፋት ተጠናቀቀ። ሹልሃን አሩኽ፣ የተሰናዳው ማዕድ የሚባለው መጽሐፍ፣ የዚያ ሥራ አጭር ነው፤ በ1565 በቬኒስ ታተመ። በሠላሳ ቀን ተከልሶ እንዲያልቅ ሠላሳ ቦታ ከፍለውታል። ሲወስኑ ሦስት ምሰሶ ነበራቸው፤ አልፋሲ፣ ራምባምና አሸር። ሁለቱ የተስማሙበት ፍርድ ይሆናል።

20ኛው የክራኮቩን ሞሼ ኢሰርለስን አስታወሰ። ካሮ የሰፋራድን ልማድ ብቻ ስለጻፉ፣ ኢሰርለስ የአሽከናዝን፣ ማለትም የጀርመንና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶችን፣ ልማድ በየአንቀጹ ጨመሩበት፤ ጭማሪውንም የማዕዱ ልብስ አሉት። ምሳሌው ግልጽ ነው። ካሮ በፋሲካ ሩዝ ይበላል ይላሉ። ወዲያው ከሥሩ ኢሰርለስ በአገራችን አይበላም ይላሉ። ዛሬ መጽሐፉ ሲገለጥ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ናቸው፤ በዙሪያቸው ደግሞ ሌሎች ሊቃውንት ይከራከራሉ። ጠያቂው ይህን ገጽ በምስል እንኳ ቢያይ ሐሳቡ ይለወጥ ነበር ባይ ነው ጸሐፊው።

21ኛው ስለ ዶሮ ነው፤ ብዙ ሰው ሳበ። በማስተሥረያ ቀን ዋዜማ ዶሮ በራስ ዙሪያ የማዞር ልማድ አለ። ካሮ አልወደዱትም፤ በመጀመሪያው እትም የክፍሉ ርዕስ ልማዱን የሞኝ ልማድ ይለዋል። በኋላ እትሞች ያ ቃል ከርዕሱ ወጣ። ኢሰርለስ ደግሞ ልማዱን ደገፉ። ስለ እኛ አገር የዘመን መለወጫ ዶሮ የሚያወሩ ሦስት አራት ምላሾች ተከተሉ፤ እነሱን እዘላለሁ።

26ኛው ላይ ክሩ ልብ የሚነካ ሆነ። የጻፉት እስራኤል የሚኖሩ፣ ከጎንደር ገጠር የሄዱ አባት ናቸው። በመንደራቸው ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ሁሉ ይጠፋ ነበር። በሰንበት የሚበላው ቀዝቃዛ ነው። ቄሶቹ የሚያስተምሩት ከግዕዙ ኦሪት ነው፤ በሰንበት ቀን በማደሪያችሁ እሳት አታንድዱ የሚለውን እንደ ተጻፈ ይዘዋል። ታልሙድ የሚባል አልነበራቸውም። እስራኤል ሲገቡ ዓርብ ማታ ሻማ ሲበራ፣ ቅዳሜ ድስቱ ሲተን አዩ። ያን ቀን የተሰማቸውን ሲጽፉ ማንንም አልወቀሱም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚያ መጻሕፍት ስለ እኛ ዓይነት ሰው ምን ይላሉ?

27ኛው የመለሰው በብርድ ድምፅ ነው። ኢሰርለስ በሰንበት ሕግ ላይ ያሰፈሩትን ጠቀሰ። የጠቢባንን ቃል ሳያምን በሰንበት ትኩስ ምግብ የሚከለክል ሰው በምንፍቅና ይጠረጠራል የሚለውን ነው። ከዚያ በላይ ምንም አላለም። ለአንድ ሽማግሌ ጥያቄ እንዲህ ያለ መልስ መወርወር ጭካኔ ነው። 28ኛዋ፣ 7ኛውን የጻፈችው እህት፣ በቁጣ ነደደች። እናቶቻቸው በረሃ አቋርጠው ኢየሩሳሌም ብለው የመጡ ሰዎችን በአንድ መስመር መናፍቅ ማለት ይቻላል ወይ አለች። ለአባትየው ደግሞ አባቴ ብላ ለይታ ይቅርታ ጠየቀች፤ ጥፋቱ የእሷ ባይሆንም።

29ኛው የክሩን ቋጠሮ የፈታው ነው። በመጀመሪያ፣ ያ ሐሳብ ከኢሰርለስ በፊትም ነበር፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጂሮና የተወለዱት ዘራህያ ጽፈውታል። ዒላማው ቃራውያን ናቸው። እነሱ የጠቢባንን ትምህርት በቅርብ አውቀው አንቀበልም ያሉ ናቸው። ያልደረሰውን ሰው አይመለከትም። ሁለተኛ፣ ራምባም በሚሽኔ ቶራ ስለ ቃራውያን ልጆችና የልጅ ልጆች ሲጽፉ፣ እነዚህ በባዕድ እጅ ተማርኮ እንዳደገ ሕፃን ናቸው፣ ስለዚህ በፍቅር ይቅረቡ ብለዋል። ሦስተኛ፣ ዳዊት ኢብን ዚምራ የሚባሉ ሊቅ አሉ። በ1492 ከስፔን በልጅነት የተባረሩ ናቸው። በግብፅ የአይሁድ አለቃ ሳሉ ከሐበሻ ምድር ተማርካ ስለመጣች ሴትና ስለ ልጇ ተጠየቁ። የሐበሻ አይሁዶች ከዳን ነገድ መሆናቸውን ወሰኑ። በመካከላቸው የቃሉን ትርጓሜ የሚያስተምር ጠቢብ ስላልነበረ እንደዚያ እንደተማረከ ሕፃን ይቆጠራሉ አሉ። በ1973 የእስራኤል የሰፋራድ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ሲወስኑ የተደገፉት በዚህ መልስ ላይ ነው። ኦቫድያ ዮሴፍ ደግሞ በአገራቸው የካሮ ፍርድ እንዲከበር ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉ ሰው ናቸው።

30ኛው ጣፋጩን ታሪክ ብቻ እንዳናወራ አስጠነቀቀ። ከውሳኔው በኋላም ቢሆን ከጋብቻ በፊት የመለወጥ ሥርዓት ፈጽሙ ተብለው ተጠይቀዋል። በ1985 በኢየሩሳሌም ለሳምንታት ተቃውሞ የወጡት ለዚህ ነው። ትክክል ነው፤ መባል ነበረበት።

31ኛው የእኔ ነው። የጻፍኩት ለጠያቂው ነው። ከዚያው መደርደሪያ አንዱ ሰው አንድ መስመር አውጥቶ ሽማግሌ አሳዘነ፤ ሌላው ሦስት መጽሐፍ አገናኝቶ ዘራቸውን አወቀላቸው። መጽሐፉ ያው ነው። የተለየው፣ 29ኛው እያንዳንዱ መስመር በማን ላይ፣ በምን ክርክር መካከል እንደተጻፈ ማወቁ ነው። ረቢ አሸር በቶሌዶ የፈሩት የ27ኛውን ዓይነት አንባቢ ነው። ስለዚህ ክሱ በአልፋሲም በራምባምም ላይ አይደለም፤ አጭሩን አንብቦ ረጅሙን በናቀ ሰው ላይ ነው። ይህን አሁንም አምንበታለሁ።

32ኛው የአባትየው ምስጋና ነው። የዚያችን የተማረከች ሴት ጉዳይ ለልጅ ልጆቻቸው እንደሚያነቡላቸውና ሙሉውን መልስ በዕብራይስጥ የት እንደሚገኝ ጠየቁ። 29ኛው በግል መልእክት እንደሚልክላቸው ቃል ገባ።

33ኛው አዲስ ሰው ነው፤ ስለ ካሮ ሦስት ምሰሶዎች ተጠራጠረ። አልፋሲና ራምባም የአንድ ትምህርት ቤት ሰዎች ናቸው። የራምባም አባት የተማሩት ከአልፋሲ ደቀ መዝሙር ከኢብን ሚጋሽ ነው። እንግዲያ ሁለት ለአንድ ሲባል ጀርመናዊው አሸር ሁልጊዜ ተሸናፊ አይሆኑም ወይ? 34ኛው መለሰ። አሸር የጻፉት በአልፋሲ ላይ ተደግፈው ስለሆነ፣ በብዙ ቦታ ብቸኛ የሚሆኑት ራምባም ናቸው። ጠያቂው፣ ያ የሕግ ተማሪ፣ በገንዘብ ሕግ ክፍል ውስጥ ይህን አንቀጽ በአንቀጽ አይቶ ያገኘውን እዚሁ እንደሚያመጣ ጻፈ። ለመጀመር የትኛውን የውል ምዕራፍ እንደሚመርጥ ምክር ጠይቋል፤ እስካሁን ሁለት ሰዎች የዋስትናን ምዕራፍ ጠቁመውታል።